ኢምራን ያዘላት አሻንጉሊት

ከቦሩ ሜዳ ልንወጣ ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ፣ ማንም አላለቀሰም። ሁሉም መካሪ ሆኖ ነበር። ጎረቤቱ ለዱኣ ተሰብስቦ «አሚን» ካለ በኋላ ምክሩን ይከምርብኝ ጀመር። አንዱ አሳማ እንዳልነካ፣ አንዱ ሶላቴን እንዳልተው ይለኛል። ከደሴ ወዲያ ሄዶ የማያውቅ አንዱ ደግሞ የጀርመን ባቡር እንደ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅምና ቀድመህ ቁም አለኝ። አጎቴ ግን በክንዴ ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ስማኝ ጀማል» አለኝ። «ሚስትህ ቀድማህ ሄዳለች። አገሩን ለምዳለች፣ ቋንቋውን ይዛለች፣ ደሞዝተኛዋም እሷ ናት። እንደደረስክ ወንድነትህን አሳያት። አለዚያ ኋላ ቀሚስ ነው የሚያለብሱህ።»

ሳቅሁ። ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ አልቀረም ብል ውሸት ነው።

አባቴ ምንም አልመከሩኝም። ልጄ ኢምራን ጭናቸው ላይ ተኝቶ ነበር። ባለቤቴ ሀያት በነርስነት ተቀጥራ ጀርመን ከሄደች ወዲህ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል፣ ልጁ ያደገው ቦሩ ሜዳ አባቴ ቤት ነው። ቀን ቀን ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ትይዘዋለች፤ ማታ አያቱ ጎን ካልሆነ አይተኛም። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ስነዳ ውዬ እመለሳለሁ። ሰዉ ሁሉ መክሮ ሲጨርስ አባቴ ቀና አሉና፣ «ሲተኛ እግሩን ይገልጣል። ሸፍንለት» አሉኝ። 

በነጋታው የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ ዓመታት በነዳሁበት ጠመዝማዛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሆንኩ። እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። የደሴን ጉም ከላይ ትተን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን ኢምራን ሹራቡን አወለቀና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ የሞላ!» እያለ ረዳትነቱን ጀመረ። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን ሲቀመጥ ግን ተጨነቀ።

«አባባ፣ ሹፌሩ የታለ?»

«ፊት ነው።»

«አላየሁትማ! ሳናየው ልንሄድ ነው?»

እንግዲህ እንደዚያ ነው የሄድነው፤ ሹፌሩን ሳናይ።

ፍራንክፈርት ላይ ፓስፖርት የሚያየው መኮንን አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጁን ያያል። በሰባራ እንግሊዝኛዬ ተግባባን።

«እናቱ የት ናት?»

«ውጭ ቆማ እየጠበቀችን ነው።»

«እስከዛሬ ያለ እናቱ ከማን ጋር ነበር?»

«ከኔ ጋር።»

«ከእርስዎ ጋር ብቻ?»

«ከአባቴም ጋር።»

«ሁለት ወንዶች?» አለ፤ ማህተሙን መልሶ አስቀመጠው።

ነገሩ ገባኝ። «እህቴም አለች» አልኩት።

«አህ! እህት!» ፊቱ በራ። ማህተሙን አንስቶ መታልኝ። ልጁን ካሳደግነው ከአባቴና ከእኔ ይልቅ ስሟን እንኳ ያልጠየቃት ሰዓዳ አሳመነችው። አውሮፓ ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ይሄ ነው፤ ረዣዥም ፎቆቹን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሀያት በሩ ላይ ቆማለች። ኢምራን እግሬ ሥር ተደበቀ። ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ላይ ትታው የሄደች እናቱን በስልክ መስተዋት ነው የሚያውቃት፤ ሙሉ ሰው ሆና ስትመጣ ፈራት። እሷም ብልህ ናትና አልጎተተችውም። ቁጭ ብላ የጫማውን ክር አሰረችለት። ያለቀሰችው ባቡር ከገባን በኋላ ነው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

የምንኖረው ካሰል በምትባል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳቦው ጥቁርና ከባድ ነው፤ ቢወረወር ውሻ ይገድላል። ሰላምታው «ሃሎ» ነው፤ «ሃሎ» ይልህና በሩን ይዘጋል። እኛ አገር ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ ሳይጠያየቅ ማን በር ይዘጋል? ብርዱንስ የደሴ ልጅ ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር። የደሴ ብርድ እንግዳ ነው፤ ጠዋት ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ የጦሳን ተራራ ስትመታው ይሄዳል። የዚህ አገር ብርድ ግን ተከራይ ነው፤ ገብቶ ስድስት ወር ይቀመጣል። በዚያ ላይ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ይጨልማል። አስር ሰዓት! ቦሩ ሜዳ ገና ከብት ከግጦሽ ያልተመለሰ!

ሀያት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። የኔ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይሠራም፤ እንደ አዲስ መፈተን አለብኝ፣ ለዚያ ደግሞ ቋንቋው ይቅደም ተባልኩ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደን ሠራተኛዋ ስትጠይቀኝ ሀያት ታስተረጉማለች።

«ሙያ?»

«ሹፌር።»

«እዚህ መንዳት ይችላሉ?»

«መንዳቱንስ እችላለሁ። መንጃ ፈቃዴን ያልቻላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሀያት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ተረጎመች።

«ታዲያ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?»

«ልጄን እይዛለሁ። ወጥ እሠራለሁ። ልብስ አጥባለሁ።»

«አህ፣ ሀውስማን!» አለች ሴትዮዋ፤ ጻፈችው።

ሀውስ ቤት ነው፣ ማን ወንድ ነው። ይሄን ያህል አውቃለሁ። ሀያትን እንኳ ሳልጠይቅ እዚያው በር ላይ ቦሩ ሜዳ ደወልኩ። «እታለም፣ መንግሥት ሀውስማን ብሎ መዘገበኝ!» «ምን ማለት ነው እሱ?» «የቤት ጌታ ማለት ነው!» ሰዓዳ እልል አለች። አባቴም ከጀርባ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ሲሉ ሰማሁ። ማታ ለሀያት ሳወራላት የምትወለውለውን ድስት ለቀቀችው። «ጀሚ» አለች ሳቋ እያነቃት፣ «የቤት እመቤት ማለት እኮ ነው። ወንዱ።»

ቦሩ ሜዳ መልሼ ደውዬ አላረምኩትም። እስከዛሬ እዚያ የቤት ጌታ ነኝ።

አከራያችን ከኛ ሥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ደረጃውን ተከራዮቹ በየሳምንቱ እየተፈራረቅን እናጸዳለን። አንድ ቀን አስቆመኝ።

«ለሚስትህ ንገራት፤ በዚህ ሳምንት ደረጃውን የምታጸዳው እሷ ናት።»

«የማጸዳው እኔ ነኝ» አልኩት።

«አይ፣ ሚስትህ።»

«ሚስቴ ሥራ ላይ ናት። እኔ እወለውላለሁ።»

ከላይ እስከታች አየኝ። «ወንድ ጥግ ጥጉን አያጸዳም» አለ።

ወለወልኩ። ጥግ ጥጉን በጨርቅ እየገባሁ፣ አጎቴን እያሰብኩ ወለወልኩ። በነጋታው ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጣቱን በየጥጉ ሰደደ፤ ጣቱን አየው፤ ምንም የለም። «ጉት» አለ፣ ጥሩ ማለቱ ነው፤ ሊገባ ሲል ዞር አለ። «ለሚስትህ ንገራት፣ በጣም ጥሩ አድርጋ አጽድታለች።»

እኔ ደግሞ ይሄ ነገር የወሎ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያንን የመጀመሪያውን ብርድ ኢምራን በለቅሶ ነው ያሳለፈው። ከሰዓት በኋላ መጨለም ሲጀምር አያቱን ይጠራል። «አብዬ! አብዬ!» ሀያት ሥራ ላይ፣ እኔ ምድጃ ላይ፣ ልጁ መሬት ላይ። ተረት አወራሁለት፣ ስልክ ሰጠሁት፣ ከረሜላ ገዛሁለት። ከታች አከራያችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይነርታል። አንድ ቀን ሲጨንቀኝ የሀያትን ነጠላ አነሳሁና አዘልኩት። አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይከብዳል። እንዴት እንደሚታሰር እንኳ አላውቅም፤ ሰዓዳ ስታስረው ያየሁትን አስታውሼ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። ትንሽ ተነፋረቀ፣ ከዚያ ጉንጩን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጎ ዝም አለ። ወጡን እያማሰልኩ ስዞር ተኛ። ከዚያ ወዲህ ጨለማው ሲመጣ ነጠላውን ራሱ ያመጣልኛል።

ፀደዩ ሲገባ ልጁ ለመደ። ኪታ ገባ፤ ኪታ ማለት የሕፃናት ማዋያ ነው። ጀርመንኛው በሦስት ወር እኔን አልፎኝ ሄደ። እዚህ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ መንገድ ዳር ያስቀምጣል፤ የፈለገ ያነሳል። ከኪታ ስንመለስ ኢምራን ከእንዲህ ያለ ካርቶን አንዲት አሻንጉሊት አወጣ። መላጣ ናት፤ አንድ ዓይኗ አይከደንም። መኪናም እዚያው ነበረ፣ ጎማው ሙሉ የሆነ። አላየውም። አሻንጉሊቷን አቅፎ ቤት ገባ፣ የእናቱን ሻሽ አወጣና «እሰርልኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

አሰርኩለት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ያዝላታል፣ ያወርዳታል፣ በባዶ ማንኪያ ያበላታል፣ «እሹሩሩ» ይላታል። አንዳንድ ቀን ሻሹን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ የሀያትን ጫማ ይጎትታል። ሳምንት አለፈ፣ አልተወም። ያን ጊዜ እኔም በዓይኔ መከተል ጀመርኩ። ምንድን ነው የሚያየው? ምን ሆኖ ነው የሚጫወተው? እናቱን ናፍቆ ይሆን? እናቱ እኮ አሁን አለች። ወይስ በውስጡ እኔ የማላውቀው ነገር አለ? ልጅ የራስ ሥጋ ሆኖ እንዲህ እንግዳ ሲሆንብህ ይገርማል።

የዒድ ለት ነገሩ ፈነዳ። ሀያት ለራሷ ሂና ስትቀባ ኢምራን ትንሿን መዳፉን ዘረጋላት።

«ወንድ ልጅ እኮ ሂና አይቀባም» አልኩ።

«አብዬ ጢማቸውን ይቀቡ የለ?» አለ።

ሀያት እኔን አየችኝ።  መዳፉ ላይ አንዲት ክብ ነጥብ አደረገችለት። ከዚያ ቦሩ ሜዳ ደወልን። አባቴ ቤት ዘመድ ሞልቷል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ዒድ ሙባረክ! ዒድ ሙባረክ!» ስንባባል ኢምራን በነጭ ጀለቢያው፣ ሻሽ ጠምጥሞ፣ አሻንጉሊቷን አዝሎ፣ የተቀባ እጁን ከፍ አድርጎ ስክሪኑ ፊት ድቅን አለ።

ስልኩ መዞሩን አቆመ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው አልተከተለውም። አጎቴ «አላልኩም?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ማታውን የሰዓዳ ድምፅ በስልክ መጣ። «ጀማል፣ ምን እያደረጋችሁት ነው ልጁን? ወላሂ ከሰው ፊት አቀረቀርኩ። እኔ ወንድ አድርጌ ነው የሰጠኋችሁ። ብትችሉ መልሱልኝ፣ እዚሁ ላሳድገው።» ድምጿ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። የተቆጣች እህት አይከፋም፤ የምታለቅስ እህት ነው የሚከፋው።

አባቴ ደግሞ ዝም አሉ። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው ሰዓዳ ናት። «ጆሯቸውን አሟቸዋል።» ሌላ ቀን፣ «ተኝተዋል።» ሌላ ቀን፣ «ኋላ ደውል።» ኢምራን በየቀኑ «አብዬስ?» ይላል። እኔ የፈራሁት ይሄን ዝምታ ነው። ያ ልጅ ጎናቸው ነበር የሚተኛው፤ እንዴት ድምፁን ሳይሰሙ ያድራሉ?

ስለዚህ አሻንጉሊቷን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀልኳት። ኢምራን ፈለገ፣ ፈለገ፣ ተወ። ተገላገልኩ ብዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ዞር ስል የአምስት ኪሎ ሩዙን ከረጢት በሻሹ አዝሎ፣ ጎብጦ፣ እየተንገዳገደ «እሹሩሩ» ይላል።

ሀያት ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። «ሩዙን ለምን አዘለው?»

ነገርኳት። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንተ የምትፈራው ለሱ ነው ወይስ እታለም ሰዓዳን?»

«ለሱ። ሰው እንዳይስቅበት።»

«ማን ነው የሳቀበት? ኪታ ስቀውበታል?»

«እዚያማ አላውቅም።»

«ሰው ሳይስቅበት በፊት እኛ ቀደምን ማለት ነው» አለች። ከዚያ ኮቷን እያወለቀች፣ «እኔም እኮ ግራ ይገባኛል፣ ጀሚ። እናቴ ብታየው ምን ትል ነበር እላለሁ። ግን አሻንጉሊት ያዘለ ልጅ አሻንጉሊት ከማዘል ሌላ ምን አጠፋ? ሩዙን አውርድለት፣ ወገቡ ይቀጫል።»

አሻንጉሊቷን አወረድኩለት። ሌሊቱን ግን ማሰቤን አልተውኩም። ደሴ ፒያሳ በረንዳው ላይ የሲንጀር ስፌት መኪና የሚረግጡት ወንዶች ናቸው፤ መርፌ የሴት ነው ያላቸው የለም። የኮምቦልቻ ሆቴል ምግብ አብሳዩ ወንድ ነው፤ እቤቱ ሲገባ ግን ውሃ እንኳ ራሱ አይቀዳም። ለሰደቃ ሥጋ በትልቅ ብረት ድስት የሚቀቅሉት ወንዶች ናቸው፤ ያው ሥጋ በትንሽ ድስት ሲሆን የሴት ሥራ ይሆናል። እና ወሰኑ የቱ ጋ ነው? የድስቱ መጠን ነው? ዕድሜዬን ሁሉ በዚህ ወሰን ግራና ቀኝ ኖሬ አንድ ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም። ያሳየኝ የአራት ዓመት ልጅ ነው።

በዚያው ሰሞን የኪታ አስተማሪዋ «ስለ ኢምራን ላናግርዎ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ኡተ ትባላለች።  ስደተኛ መሃል የሚወራውን ታውቁታላችሁ፤ «ዩገንድአምት ልጅ ይነጥቃል» ይባላል፣ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ማለት ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሀያት ያስጠናችኝን አራት ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤ ሄድኩ። ኡተ የሕፃን ወንበር ሰጠችኝ፤ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። እንዲህ ተቀምጦ ማን ወንድነቱን ያሳያል?

«ችግር አይደለም» አለች ኡተ፣ ቀስ እያለች እንዲገባኝ። «ቤት ቤት ሲጫወቱ ጭቅጭቅ አለ። ኢምራን ሁሌ ፓፓ መሆን ይፈልጋል።»

«ማማ?» አልኳት። ቃሉን የተሳሳትኩ መሰለኝ።

«ፓፓ! ሁሌ ፓፓ። ግን ሌሎቹ ወንዶች ‹ፓፓ ሥራ ይሄዳል እንጂ ቤት አይቀመጥም፣ ልጅም አያዝልም› ይሉታል። እሱ ደግሞ ‹አታውቁም፣ ፓፓ እንደዚህ ነው› ብሎ ይጣላቸዋል። ኑ፣ ይዩት።»

በመስተዋቱ በር አየሁት። አንዲት ፀጉረ ወርቃማ ልጅ ኮት ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ «ቹስ!» ብላ ሥራ ሄደች። ኢምራን አሻንጉሊት አዝሏል። በእንጨት ማንኪያ ባዶ ድስት ያማስላል፣ ይቀምሳል፣ ጨው ይጨምራል። ጎንበስ ብሎ ጥግ ጥጉን ይወለውላል። ከዚያ አንድ የእንጨት ኩብ አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈና በአማርኛ፣ ክፍሉን በሚያናጋ ድምፅ፣ «ሄሎ! እታለም! ይሰማል? ይሰማል ወይ? ኔትወርኩ ነው! ሄሎ!» አለ። ኩቡን አየት አደረገው። አስቀመጠው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ ድስቱ ተመለሰ።

እኔ ያንን የማደርገው ልጁ አያየኝም ብዬ ነበር።

ሁላችንም፣ እኔም፣ ሰዓዳም፣ አጎቴም፣ ልጁ እናት እናት የሚጫወት መስሎን ስንጨነቅ፣ እሱ እኔን ነበር የሚጫወተው። ወንድነትህን አሳይ ተብዬ ነበር፤ ሳላውቀው እያሳየሁ ኖሬያለሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ኡተ። «ፓፓው ስልክ ላይ ለምን ይጮኻል?»

«አገሬ ሩቅ ስለሆነ» አልኳት።

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድፍረት አገኘሁና የራሴን ጠየቅኋት። «ሻሹስ? የእናቱ ጫማስ? እሱም እኔ ነኝ?»

«እሱን አላውቅም» አለች። «ባለፈው ሳምንት ሙሽሪት ነበር፣ ነጭ መጋረጃ ለብሶ። ትናንት የአምስት ዳይኖሰር እናት ነበር። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ሲነዳ ‹የሞላ› የሚል ነገር ይጮኽ ነበር።»

«ወደፊትስ ምን ይሆናል?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «አራት ዓመቱ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ለማየት እየጠበቅሁ ነው።»

መልስ ይዤ አልተመለስኩም። ግን ስሄድ ፈርቼ ነበር፤ ስመለስ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ይሄ ለኔ ትልቅ መንገድ ነው።

ለሀያት የስልኩን ነገር አስመስዬ ሳሳያት ከሳቅ ወደ እንባ ሄደች። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቦሩ ሜዳ ደወልኩ፤ ሰዓዳ አነሳች።

«እታለም፣ አባን ስጪኝ። ጆሯቸውን ቢያማቸውም ስጪኝ።»

ስልኩ ሲንቀሳቀስ ጣሪያው ታየኝ፣ ምሰሶው፣ በመጨረሻ የአባቴ ፊት። በጎናቸው ተጋድመዋል። በዚያ ሰዓት ማሳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይቻቸው አላውቅም። ልናገር የተዘጋጀሁትን ጀመርኩ።

«አባ፣ ያ የዒድ ለት ያዩት ነገር...»

«ልጁን ስጠኝ» አሉ።

ኢምራን ከነአሻንጉሊቷ መጣ። ላወርዳት እጄን ስዘረጋ ሀያት ያዘችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አብዬ!»

«ወአለይኩመ ሰላም፣ የኔ ጌታ። በጀርባህ ያዘልካት ማን ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ስሟ ማነው?»

«ካርቶፈል።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው?»

«ድንች ማለት ነው። መላጣ ስለሆነች።»

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንች ያመረቱ ሰው ናቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ሰዓዳም ከጀርባ ስትስቅ ሰማሁ፣ አፏን በነጠላ ይዛ መሆን አለበት።

«አብዬ» አለ ኢምራን፣ «አንተስ አባባን አዝለኸው ታውቃለህ?»

«አንቱ በል» አልኩት በሹክሹክታ። ጀርመንኛው አንቱታውን እየበላበት ነው።

ስክሪኑ ላይ አባቴ ፀጥ አሉ። ኔትወርኩ መሰለኝ። «ሄሎ? ይሰማል?» ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ተርገበገበ።

«አላዘልኩትም» አሉ። «እናቱ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና። ሰዓዳም ነበረች። ተራው እኔ ጋ ሳይደርስ አደገ።»

«አሁን እዘለው!»

«አሁንማ ተራው የሱ ነው፣ የኔ ጌታ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። መስጊድም መሄድ ትቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ፤ ሳላስበው ጮኽኩ።

«ከዒድ ወዲህ ነው» አለች ሰዓዳ፣ ፊቷ ሳይታይ። «እንዳትነግሪው አሉኝ።»

«ተዉት እሱን» አሉ አባቴ። «ልጁ አዝሎ ቆሟል፣ ይደክመዋል። ቁጭ በል በለው።»

ኢምራን ግን አልተቀመጠም። ሻሹን ጠበቅ አድርጎ እየተወዛወዘ ኪታ ስላሉት ዳይኖሰሮች ሊነግራቸው ጀመረ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ጀርመንኛ፤ አባቴም ሁሉም እንደገባቸው ሰው «እሺ... እሺ...» ይሉታል። የሰነበተው ዝምታ ከአሻንጉሊቷ ይሁን ከጉልበታቸው እስከዛሬ አላወቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው።

ቦሩ ሜዳ፣ ከአባቴ ቤት እስከ መስጊዱ ሩቅ አይደለም። የገብሱን ማሳ ዳር ይዘህ፣ ትንሿን ዳገት ወጥተህ ነው። ሽማግሌ አባቱን ላዘለ ሰውም ሩቅ አይደለም።